ድምፅ አልባ ኮሜዲ እንዴት ይታያል? ሽንኩርት እያቁላሉ አይሆንም

እኛ ቤት ቴሌቪዥን የሚታየው በጆሮ ነው። እናቴ ወጥ ቤት ሽንኩርት እያቁላላች ተከታታይ ድራማውን ትጨርሳለች። ማን ማንን እንደከዳ፣ የቱ ልጅ የማን እንደሆነ፣ ስክሪኑን አንዴም ሳታይ ትተርክላችኋለች። እኔ ደግሞ ከሷ የባስኩ ነኝ፤ ፊልም ከፍቼ ስልኬን እጎረጉራለሁ፣ ታሪኩን ጆሮዬ ይይዝልኛል።

ድምፅ አልባ ኮሜዲ ላይ ይሄ አያስኬድም። ለሦስት ሰከንድ ካቀረቀራችሁ ቀልዱ አልፏል፣ የሚነግራችሁም የለም። «ቻርሊ ቻፕሊንን ሞክሬው ነበር፣ ደበረኝ» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ጠጋ ብዬ ስጠይቀው አብዛኛውን ጊዜ ፊልሙን ከፍቶት ነበር እንጂ አላየውም። ወይም የተበላሸ ቅጂ ነው የደረሰው። ስለዚህ በ1910ዎቹና በ1920ዎቹ የተሠሩትን የአሜሪካ ኮሜዲዎች እንዴት እንደማያቸው፣ ጥሩውንም ከመናኛው እንዴት እንደምለይ ልንገራችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1. በአጭሩ ጀምሩ

ብዙ ሰው ዝነኛውን ረጅም ፊልም ይከፍትና ግማሽ ላይ ይተወዋል። ዓይናችሁ ገና አልለመደም፤ አትፍረዱበት። እኔ ለጀማሪ የምሰጠው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ የኮሜዲያኑ የባስተር ኪተን «ዋን ዊክ»፣ 1920። ከግማሽ ሰዓት በታች ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሁለት አዲስ ሙሽሮች ቤት በስጦታ ያገኛሉ። ቤቱ ግን ተበታትኖ፣ ቁጥር በተጻፈባቸው ሳጥኖች ታሽጎ ነው የመጣው፤ ራሳችሁ ገጣጥሙት ነው ነገሩ። ሙሽራዋ እምቢ ያለችው ሰውዬ ተደብቆ የሳጥኖቹን ቁጥር ይቀያይራል። ከዚያ የሚሠራውን ቤት ማየት ነው። የፎቁ በር የሚከፈተው ወደ ባዶ አየር ነው፣ ጣሪያው ልኩ አይደለም፣ ግድግዳው ተጣሟል። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ያሠራ ሰው ሁሉ ይሄን ፊልም ሲያይ በሳቅ መሃል ትንሽ ዝም ይላል።

2. ቅጂውን ምረጡ

እዚህ ላይ ጊዜ አጥፉ፤ ግማሹ ሥራ ይሄ ነውና። እኔ መጀመሪያ ያየኋቸው ፊልሞች በሙሉ ሰው እንደ ጉንዳን የሚርመሰመስባቸው ነበሩ። «ድሮ ሰው እንዲህ ነበር የሚሄደው?» ብዬ የምር አስቤ አውቃለሁ፣ አትሳቁብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ ካሜራው በእጅ እየተዘወረ ነበር የሚቀረጸው። በአንድ ሰከንድ 16 ምስል የሚቀርጽ አለ፣ 18 አለ፣ 20 አለ፤ እንደ ሰውየው እጅ ነው። ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ ግን ፍጥነቱ 24 ላይ ቆመ። በ16 የተቀረጸውን በ24 ካጫወታችሁት ሰውየው አንድ ተኩል እጥፍ ይፈጥናል። የሚርመሰመሱት ጉንዳኖች የመጡት ከዚህ ነው።

ታዲያ እንዴት ታውቃላችሁ? ኮሜዲያኑን አትዩ። እሱ ሆን ብሎ በሚያስቅ አካሄድ ስለሚሄድ ያሳስታችኋል። ኋላ ላይ የሚያልፉትን መንገደኞች እዩ። አንዲት ሴትዮ ገበያ ስትሄድ የምትሮጥ ከመሰለች ቅጂው ፈጥኗል። ከመኪና ኋላ የሚነሳውንም አቧራ እዩት፣ አቧራ አይዋሽም። ዩቲዩብ ላይ ከሆናችሁ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የማጫወቻ ፍጥነቱን 0.75 ማድረግ ትችላላችሁ፤ ያኔ 24ቱ 18 ይሆናል ማለት ነው። ሙዚቃው ይጎተታል፣ ዝጉት። ከዚያ በታች ግን አትውረዱ። ኮሜዲ ሠሪዎቹ ራሳቸው ትንሽ ፈጠን እንዲል ይፈልጉ ነበርና ሁሉን ነገር ወደ ትክክለኛ እርምጃ ብታወርዱት ቀልዱ ይሞታል።

ሌላው ክፈፉ ነው። የሰዎቹ እግር ወይም አናት ተቆርጦ ካያችሁ ሰፊ ስክሪን እንዲሞላ ብሎ የቆራረጠው ሰው አለ ማለት ነው። ዝጉና ሌላ ፈልጉ። በእግር የሚሠራን ቀልድ ያለ እግር ማየት ምን ይባላል? ትክክለኛው ምስል ጎኖቹ እኩል ወደሆኑ አራት ማዕዘን የተጠጋ ነው፣ ግራና ቀኙ ጥቁር ይሆናል፤ ይሁን።

ሙዚቃም አለ። እነዚህ ፊልሞች በጸጥታ ታይተው አያውቁም። ትንሹ ሲኒማ ቤት ፒያኖ፣ ትልቁ ኦርኬስትራ ነበረው። አንዳንድ ቅጂ ላይ ግን አንድ ዘፈን ሃያ ደቂቃ ሙሉ ይደጋገማል፤ ሰው ሲወድቅም ሲያለቅስም ያው ነው። ይሄ ከጸጥታ ይከፋል።

ከ1929 በፊት የወጡት የአሜሪካ ፊልሞች በአገሩ ሕግ የቅጂ መብታቸው ስላበቃ ዩቲዩብም፣ ኢንተርኔት አርካይቭ የሚባለው የድሮ ሥራዎች ማከማቻ ድረ ገጽም ላይ ሞልተዋል። አንዱን ፊልም በአምስት ዓይነት ቅጂ ታገኙታላችሁ። ሁሉንም ከፍታችሁ መጀመሪያ ሁለት ደቂቃውን አወዳድሩ። ሥዕሉ ጥርት ያለው፣ ንግግሩን ሊነግረን በመሃል የሚመጣው ጽሑፍ ለማንበብ የሚበቃ ጊዜ የሚቆየው፣ እሱ ነው። የተረፈ ነገር በማየታችሁም ደስ ይበላችሁ። የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ባወጣው ጥናት ከአገሪቱ ድምፅ አልባ ረጅም ፊልሞች 70 በመቶው ጭራሽ የሉም። ተቃጥለዋል፣ በስብሰዋል፣ ተጥለዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የቻፕሊን «ጎልድ ረሽ» ሁለት ነው። ዋናው የ1925ቱ ነው። በ1942 ቻፕሊን ራሱ አሳጥሮ፣ ጽሑፉን አስወግዶ፣ በገዛ ድምፁ ተርኮበት በድጋሚ አወጣው። በገዛ ፊልሙ ላይ ያደረገው ስለሆነ ምን ይባላል፤ እኔ ግን የሚያወራውን ቻፕሊን አልወደውም። የማየውን ነገር እየነገረኝ ነው። የ1925ቱን ፈልጉ።

3. ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡት

ከሰው ጋር እዩ። ሳቅ ተላላፊ ነው፣ እነዚህም ፊልሞች ለሞላ አዳራሽ ነው የተሠሩት። ብቻችሁን ስታዩት የማያስቃችሁ ሦስት ሆናችሁ ስታዩት ሆዳችሁን ይይዛችኋል።

ልጆች ካሉ አብረው ይግቡ። የሚመጣውን ጽሑፍ እናንተ በአማርኛ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። በጃፓን በዚያ ዘመን ቤንሺ የሚባሉ ተራኪዎች ከስክሪኑ አጠገብ ቆመው ፊልሙን ለተመልካች ያወሩ ነበር፣ ከተዋናዩ የሚበልጥ ዝና ያላቸውም ነበሩባቸው። የትርጉም ፊልም እያየ ላደገ ሰው ነገሩ አዲስ አይሆንም። ብቻ ከጽሑፉ በላይ አታውሩ።

4. መጀመሪያ ዝም ብላችሁ ሳቁ

ደብተር የለም፣ ማስቆም የለም፣ «አሁን ምን ሊሆን ነው» ብሎ መጠየቅም የለም።

5. ከዚያ አንድ ትዕይንት መርጣችሁ ሦስቴ እዩት

ግምገማ የሚጀምረው እዚህ ነው። ሙሉውን ፊልም ደግማችሁ አትዩ። ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ቁረጡ።

የቻፕሊንን «ዘ ፖውንሾፕ» ውሰዱ፣ 1916። ዕቃ በመያዣ ተቀብሎ ገንዘብ የሚያበድር ሱቅ ነው። ቻፕሊን ተቀጣሪ ነው። አንድ ደንበኛ ፊቱ ጥቁር ብሎት የጠረጴዛ ሰዓት ይዞ ይገባል። ቻፕሊን ሰዓቱን ይቀበልና እንደ ሐኪም በማዳመጫ የልብ ምቱን ያዳምጣል። መታ መታ ያደርገዋል። ከዚያ ሐሳቡን ቀየረ፤ የቆርቆሮ መክፈቻ አምጥቶ እንደ ታሸገ ዓሣ ይከፍተውና ያሸተዋል። ፊቱን ያጨማድዳል፣ ተበላሽቷል። ውስጡን በሙሉ ጠረጴዛው ላይ ይዘረግፈዋል፣ ምንጮቹ እንደ ትል ይንፈራገጣሉ፣ ዘይት ጠብ ያደርግባቸዋል። በመጨረሻ ፍርስራሹን ሰብስቦ የደንበኛው ባርኔጣ ውስጥ ይጨምርና ራሱን ይነቀንቃል፤ አንቀበልም።

እናቴ ይሄን ስታይ «ውይ ሰዓቱን! ምን አደረገው?» ብላ ጮኸች። የሰውየው ንብረት አሳዘናት። ለካ ቀልዱ የቆመውም በሷ ጩኸት ላይ ነው።

አንደኛ ዙር፣ እጁን ብቻ እዩ። እጁ አይቸኩልም፣ ሐኪም ሲሆን የሐኪም እጅ ነው፣ ዓሣ ሲከፍት የባልትና እጅ ነው። ሁለተኛ ዙር፣ ቻፕሊንን ተዉትና ደንበኛውን ብቻ እዩ። አልበርት ኦስቲን ይባላል ተዋናዩ። ምንም አያደርግም። ቆሞ ያያል። ይሄ ምንም አለማድረግ ነው ትዕይንቱን የተሸከመው፤ እሱ ቢጮህ፣ ሰዓቱን ቢነጥቅ፣ ሁሉም ነገር ይፈርሳል። ሦስተኛ ዙር፣ ካሜራውን እዩ። ብዙም አይነቃነቅም። ሁለቱንም ሰዎች አንድ ላይ እንድታዩ ተደርጎ ተቀምጧል፣ ምክንያቱም የሚያስቀው በሁለቱ መሃል ያለው ነው።

በዚህ መንገድ አንድ ትዕይንት ካያችሁ በኋላ ሌላው ሁሉ ይከፈትላችኋል።

6. ምኑን ነው የምትመዝኑት?

እኔ የማየው ብዙ አይደለም።

መጀመሪያ፣ ቀልዱ ያድጋል ወይ? ወደ «ዋን ዊክ» እንመለስ። ቤቱ የተሳሳተ ቦታ ላይ ነው የተሠራው ይባሉና ሙሽሮቹ በመኪና እየጎተቱ ሲወስዱት ሐዲድ ላይ ይቆምባቸዋል። ባቡር እየመጣ ነው። መንቀል አቃታቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ባቡሩ አጠገባቸው ባለው ሌላ ሐዲድ ሽው ብሎ አለፈ። እፎይ አሉ፣ እናንተም እፎይ አላችሁ፣ በዚያች ቅጽበት ከወዲያኛው አቅጣጫ ሌላ ባቡር መጥቶ ቤቱን ብትንትኑን አወጣው። ካሜራው የቆመበትን ቦታ ደግማችሁ እዩት፤ ሁለቱ ሐዲዶች አንድ መስለው እንዲታዩ ነው የተመረጠው። ዓይናችሁ የተታለለው በሥሌት ነው። መናኛ ኮሜዲ በመጀመሪያው ባቡር ያበቃ ነበር።

ሁለተኛ፣ ሰውየው የምር እያደረገው ነው ወይ? በ1928ቱ «ስቲምቦት ቢል ጁኒየር» አንድ ሙሉ የቤት ፊት ለፊት ግድግዳ ኪተን ላይ ይወድቃል። እሱ ደግሞ የላይኛው መስኮት በሚያርፍበት ቦታ ላይ ቆሟል፣ መስኮቱ በአናቱና በትከሻው ዙሪያ ጥቂት ጣት ብቻ አትርፎ ያልፋል። ግድግዳው እውነተኛ ክብደት ያለው ነው። አንድ እርምጃ ቢሳሳት አልቆለት ነበር። ይሄው ሰው በ1924ቱ «ሸርሎክ ጁኒየር» ከባቡር ጣቢያ የውኃ ታንከር የወረደ ውኃ ሐዲድ ላይ ጥሎት አንገቱ ተሰብሯል። ራስ ምታት መስሎት ሥራውን ቀጠለ፤ ስብራቱን ሐኪም ያየለት ከዓመታት በኋላ ነው።

ሃሮልድ ሎይድስ? «ሴፍቲ ላስት»፣ 1923፣ ከሰዓቱ ላይ ተንጠልጥሎ የምታውቁት መነጽራም። እሱ ላይ ቀኝ እጁን እዩ። በ1919 ለፎቶ የተዘጋጀ የውሸት የተባለ ቦምብ እጁ ላይ ፈንድቶ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ወስዶበታል። ጓንት የመሰለ ሰው ሠራሽ እጅ አጥልቆ ነው የሚሠራው። እርግጥ መውጣቱ ላይ ብልሃት አለበት፤ የሕንፃው ፊት እውነተኛ ጣሪያ ላይ ተሠርቶ፣ ካሜራው ጣሪያውን ደብቆ የታችውን ጎዳና እንዲያሳይ ነው የተጠመደው፣ ከሩቅ በሚታዩት ላይም ሌላ ሰው ወጥቶለታል። ይሄን ማወቅ ለኔ አልቀነሰብኝም። መዳፌ አሁንም ያልበዋል።

ሦስተኛ፣ ኮሜዲያኑ ማን ነው? ወድቆ መነሳት ማንም ይችላል። ቻፕሊን ዕቃን ወደ ሌላ ነገር ይቀይራል፤ «ጎልድ ረሽ» ላይ በረሃብ የተቀቀለ ጫማ ሲበላ ማሰሪያውን እንደ ፓስታ ይጠቀልላል፣ ምስማሮቹን እንደ ዶሮ አጥንት ይመጠምጣቸዋል። (ጫማው ከረሜላ ነው፣ ሊኮሪስ ከሚባል ጣፋጭ የተሠራ። ሐሳቡ የመጣለት ግን በ1846 ክረምት ሴራ ኔቫዳ ተራራ ላይ በበረዶ ተይዘው የተራቡ ስደተኞችን ታሪክ አንብቦ ነው። ቻፕሊን ሳቁን የሚያመጣው ከእንዲህ ያለ ቦታ ነው።) ኪተን ፊቱ አይፈታም፣ ከማሽንና ከነፋስ ጋር ነው ጣጣው። ሎይድ ሰው መሆን የሚፈልግ የሰፈር ልጅ ነው፣ ደሞዝ ጨምሩልኝ፣ ላግባት፣ ይሄው። ጥንድ ሆነው የሚሠሩት ሎሬልና ሃርዲ ደግሞ ተራ ጠብቀው ነው የሚጣሉት። የ1929ኙን «ቢግ ቢዝነስ» እዩ፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ በየበሩ የገና ዛፍ ይሸጣሉ፣ አንዱ ባለቤት አልገዛም ይላል፣ ከዚያ እነሱ ቤቱን እሱ መኪናቸውን ማፍረስ ይጀምራሉ። አንዱ ሲያፈርስ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል! ጨዋነቱ ነው የሚገለው።

አራተኛ፣ የሚሳቀው በማን ነው? ይሄን አትዝለሉት። በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ፊቱን ጥቁር ቀብቶ ጥቁር ሰው የሚሆን ነጭ ተዋናይ ታያላችሁ። የኪተን «ሰቨን ቻንስስ» (1925) ላይ አለ፣ «ኮሌጅ» (1927) ላይም አለ። «ዘ ጄነራል» (1926) እውነተኛ ባቡር ከሚቃጠል ድልድይ ወንዝ ውስጥ የሚገባበት ድንቅ ሥራ ነው፣ ጀግናው ግን በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ለባርነት ይዋጋ ለነበረው ለደቡቡ ወገን ነው የሚሮጠው። እኔ ፊልሞቹን አልጥላቸውም። ስጽፍ ግን እጽፈዋለሁ፣ ለልጆች ሳሳይም አስቀድሜ እናገራለሁ።

7. ጻፉት፣ ነጥብ ግን አትስጡ

ከአሥር ሰባት ምን ማለት ነው? ከአንድ ወር በኋላ ስታነቡት ራሳችሁም አታውቁትም። በምትኩ አንድ ቀልድ መርጣችሁ በቃላት ግለጹት። መግለጽ ከቻላችሁ አይታችሁታል። የኔ ማስታወሻ እንዲህ ይመስላል፦

«ዋን ዊክ። የባቡሩ ትዕይንት። ሁለቴ ሳቅኩ፣ ሁለተኛው ዘግይቶ። ቀልዱ ያለው በሁለቱ ባቡሮች መሃል ባለችው እፎይታ ውስጥ ነው። የፒያኖው ክፍል ትንሽ ረዝሟል። ሚስትየዋ (ሲቢል ሲሊ) ለጌጥ የገባች አይደለችም፣ አብራ ትሠራለች አብራ ትወድቃለች። ቅጂው ጥሩ፣ ሙዚቃው መናኛ።»

በቃ። ካላሳቃችሁም «አላሳቀኝም» ብላችሁ ጻፉ፣ ማንም አይቀጣችሁም። እኔ በ1914 ገደማ ከወጡት የኪይስቶን ኩባንያ አጫጭሮች አብዛኞቹ አይዋጡልኝም። እርግጫ፣ ሩጫ፣ ጡብ መወራወር፣ ደግሞ እርግጫ። ለሜብል ኖርማንድ ስል ብቻ ነው የማያቸው፤ ተዋናይም ነበረች ዳይሬክተርም፣ ቻፕሊንን ራሱን በዚያው ዓመት ዳይሬክት አድርጋዋለች፣ እሱም አልወደደላትም።

ቀጥሎ ምን ይታይ?

ከ«ዋን ዊክ» እና ከ«ዘ ፖውንሾፕ» በኋላ «ቢግ ቢዝነስ»ን እዩ። ከዚያ «ሸርሎክ ጁኒየር»፣ 45 ደቂቃ ብቻ ነው፤ የሲኒማ ቤት ማሽን የሚያንቀሳቅስ ልጅ እንቅልፍ ይወስደውና በሕልሙ ስክሪኑ ውስጥ ይገባል። ከዚያ «ሴፍቲ ላስት»። ከዚያ «ጎልድ ረሽ»።

«ሲቲ ላይትስ»ን ለመጨረሻ አስቀምጡት። በ1931 የወጣ ነው፣ ሆሊውድ በሙሉ ወደ ድምፅ ከዞረ በኋላ ቻፕሊን አልናገርም ብሎ ሙዚቃውን ራሱ ደርሶ የሠራው። ዓይነ ስውሯ አበባ ሻጭ ድሃውን ሰው ሀብታም ነው ብላ የምታስብበትን መንገድ ለማግኘት ወራት ፈጅቶበታል፣ ትዕይንቱን ከ300 ጊዜ በላይ ቀርጾታል። መፍትሔው በመጨረሻ የመኪና በር ሲዘጋ የሚሰማ ድምፅ ሆነ። ድምፅ በሌለው ፊልም ውስጥ! እሷ ትሰማዋለች፣ እኛ በሩን እናያለን። ይሄን ታክሲ ውስጥ በስልክ አትዩት። ማታ፣ ሳህን ታጥቦ ካለቀ በኋላ፣ መብራት አጥፍታችሁ፣ መሐረብ ይዛችሁ።